ጠመኔውንም የሽቦ ብሩሹንም ተዉት

በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጥንታዊ ምስሎችን ፎቶ ስለማንሳት ያነበብኩት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ቅርጹ በፎቶ እንዲጎላ መስመሩን በጠመኔ ማድመቅ የሚለው ምክሩ መታረም አለበት። ዱቄቱ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ይቀራል፤ ይባስ ብሎ ሰው የሚያደምቀው ያየ የመሰለውን ነው እንጂ የተቀረጸውን አይደለም። ሲመሽ ጠብቆ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከድንጋዩ ገጽ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጎ ማብራት ይበቃል፤ ጥላው ራሱ መስመሩን ያወጣዋል። መብራቱን ከአራቱም አቅጣጫ አዙሩት፤ ከጨረሩ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ጥላ ስለማይጥል ይሰወራል። ሊከኑን (ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ያን ግራጫ ሕያው ቅርፊት) በሽቦ ብሩሽ መፋቅማ ጭራሽ! የሊከኑ ክሮች በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ስለሚገቡ ሲነቀል ቅንጣቱን ይዞ ይነሳል። ስንጥቅን በሲሚንቶ መድፈንም እንዲሁ ነው፦ ከብዙ ድንጋይ ይልቅ ስለሚጠነክር ውሃ ያግታል፣ ጨው ያመጣል፣ የስንጥቁ ጠርዝም ይፈረከሳል።