እርማት፦ የቅኝ ገዥ ሹማምንት ካሳ ከማን ኪስ ወጣ?

ወንድሜ፣ «ብሪታንያ ከአፍሪካ ለተሰናበቱ ሹማምንቷ ካሳውን በሙሉ ከራሷ ከፍላለች» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ጋናና ናይጄሪያ ነጻ ሲወጡ ሥራቸውን ላጡት እንግሊዛውያን የከፈለው የየአገሩ ግምጃ ቤት ነበር። ለንደን የካሳውን ግማሽ ለመጋራት የተስማማችው እ.ኤ.አ. በ1961 በጀመረችው የድጋፍ ዕቅድ ነው፤ ቀሪውንም አንዳንዴ አበደረች። (ገዥህን ለመሸኘት ከራሱ ከገዥህ መበደር!) ጡረታውም ያው ነው። ታንዛኒያ በ1968 ከነጻነት በፊት ላገለገሉት ጡረታ አልከፍልም ብትል የብሪታንያ እርዳታ ተቋረጠባት። ብሪታንያ ያንን ሸክም የምትረከብበትን ሕግ ያወጣችው በ1973 ነው። ደግሞ ትልቁን ካሳ ያገኙት ሽማግሌዎቹ አልነበሩም፤ ስሌቱ ከፍ የሚለው አርባ ዓመት ገደማ ለሆናቸው፣ ሌላ ሥራ መጀመር ለሚከብዳቸው ነበር።