ቅጠሉ የተበሳሳ ጓሮ

ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ልጄ፣ ይሄን አረም ምን ሊሆንህ ነው የምታሳድገው?» አሉኝ። አረም ያሉት ለንብና ለቢራቢሮ ብዬ በዘር የተከልኩትን ሀገር በቀል የዱር አበባ ነው። አልፈረድኩባቸውም። ዓመት ሙሉ ያሳየው መሬት ላይ ልጥፍ ያሉ አምስት ስድስት ቅጠሎችን ብቻ ነበር፤ እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ ልነቅለው እጄን ሰድጄ ተመልሻለሁ።

ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል ጠባዩ ነው። በዓመቱ የሚሞተው ዘሩን ለማድረስ ስለሚጣደፍ በጥቂት ወራት ያብባል። ይሄኛው ግን መጀመሪያ ጉልበቱን ሥሩ ላይ ያውላል፤ አንዳንዱ አበባ እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሌላው ደግሞ «አልተመቸው ይሆናል» ብሎ ፍግ ይቆልልበታል። ብዙዎቹ የዱር አበቦች ስስ አፈር የለመዱ ናቸው፤ ሲጠግቡ ቅጠል ብቻ ያበዛሉ፣ ግንዳቸውም ይረዝምና በመጀመሪያው ነፋስ ይጋደማል።

«ንብ ከተፈለገ ቀፎ መስቀል አይሻልም?» የሚለኝ አይጠፋም። አይሻልም ባይ ነኝ። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ በቀፎ የምናውቃት ማር ሰጪ ንብ ከእነዚህ አንዷ ናት። አብዛኞቹ ንግሥትም ሠራዊትም የላቸውም፤ እናቲቱ ብቻዋን አፈር ቆፍራ ወይም ደረቅ አገዳ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ልጆቻቸውን በጥቂት ተዛማጅ ተክሎች የአበባ ዱቄት ብቻ የሚያሳድጉም አሉ። አበባው ከአካባቢው ሲጠፋ እነሱም አብረው ይጠፋሉ። ቀፎ መጨመር ለእነዚህ አይጠቅማቸውም፤ አበባ በሌለበት ተሻሚ ማብዛት ነው።

ለዓይን ተብለው የተዳቀሉት ድርብርብ አበቦችም ምትክ አይሆኑም። ብዙዎቹ ድርብርብ የሆኑት የአበባ ዱቄት መስጠት የነበረበት ክፍላቸው ወደ አበባ ቅጠልነት ስለተለወጠ ነው። ንቧ መጥታ ትዞራቸውና ትሄዳለች።

የእኔው በሦስተኛው ዓመት አበበ። አንድ ማምሻ ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ከአበባው ሥር የስንዴ ፍሬ የሚያክል ንብ ግንዱን በመንጋጋው ነክሶ ተንጠልጥሏል። የሞተ መስሎኝ በሣር ጫፍ ነካሁት፤ አንድ እግሩን ብቻ አነሳ። ለካ ተኝቷል። እንዲህ ውጭ የሚያድሩት ባብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ ጎጆው የእናቲቱ ስለሆነ እነሱ ቤት የላቸውም።

ቅጠሉ ግን ወንፊት መስሏል። አባጨጓሬ ነው። ቢራቢሮ እየፈለጉ አባጨጓሬ መጸየፍ አብሮ አይሄድም፤ ብዙዎቹ አባጨጓሬዎች ደግሞ የለመዱትን ሀገር በቀል ተክል እንጂ ከሩቅ የመጣውን ጌጥ መብላት አይችሉም። ስለዚህ ምንም አልረጨሁም። በተለይ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ቅጠል ላይ ብቻ አይቀሩም፤ ተክሉ ውስጥ ሰርገው እስከ አበባው ዱቄት ይዘልቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.አ.አ. በ2018 ሦስቱን ከቤት ውጭ እንዳይጠቀሙባቸው ያገደው ለንብ አደገኛ በመሆናቸው ነው። ችግኝ የሚገዛ ሰው በምን እንደታከመ ቢጠይቅ አይከፋም። ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን እንደ ስርቆት ነው የምቆጥረው፤ ጥቂት ዘር ይበቃል።

ስትተክሉ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ አትበትኑት። ንብ በአንድ ጉዞዋ ከአንድ ዓይነት አበባ ወደ ሌላ ዓይነት እንደማትዘል አርስቶትል ሳይቀር ጽፎታል፤ ሰብሰብ ብሎ ከተተከለ ያለ ብዙ ድካም ትቀስማለች፣ ዱቄቱም ከዘመዱ ይደርሳል። አጠገቡም ጥቂት ባዶ አፈር ተዉ፣ ለቆፋሪዎቹ።

አበባው ሲረግፍ ጎረቤቴ እንደገና ብቅ አሉ። «አሁንስ ደረቀ፤ አትቆርጠውም?» ውስጡ ባዶ በሆነው አገዳ የንብ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ከላይ ከላዩን ብቻ እንደምቆርጥ አስረዳኋቸው። ዘሩንም በወረቀት ከረጢት ሰብስቤ ላካፍላቸው ብል፣ «አረምህን ለራስህ» አሉኝ።