ሹመት ያዳብር!

የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ደግነት የሚገባውን ያህል አልተመሰገነም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

ድሮ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ "ገረድ" ነበረች። ነውር ነው ተባለና "ሠራተኛ" ሆነች። ልጅ ሲወለድ "ሞግዚት" ተባለች። አሁን ደግሞ ልጁ እንግሊዝኛ ጀምሯልና "ናኒ" ሆናለች። ሦስት እድገት! የትኛው መሥሪያ ቤት ነው እንዲህ የሚያሳድገው? ደመወዟ ብቻ ባለበት አለ። እሱ ሹመት አይወድም መሰለኝ።

ሞግዚትነት ደግሞ ቀላል ወንበር እንዳይመስላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ሲታመሙ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ አገር የሚያክል ነገር ተሸክመዋል። ሶማሊያም ከ1942 እስከ 1952 ዓ.ም. በጣሊያን የሞግዚት አስተዳደር ሥር ነበረች። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችን ሞግዚት የሚለው የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። የእኛዋም ታስተዳድራለች፤ ጡጦውን፣ ዳይፐሩን፣ ገንፎውን።

በቀደም ሰፈራችን ያለ ደላላ ቤት አንዲት እናት ስትዋዋል ሰማሁ።

"የምፈልገው ሞግዚት ብቻ ነው። ሌላ ሥራ የለባትም" አለች። ቀጠለች። "ልጁ ሲተኛ ልብስ ታጥባለች። ሲጫወት ወጥ ትሠራለች። እንጀራ እንኳ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው።"

ልጅቷ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። "እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ?" አለች ቀስ ብላ።

"ትሄጃለሽ እንጂ! ልጁን ይዘሽ።"

እንዲህ ያለ አሠሪ ከየት ይገኛል? አዋጁም ቢሆን ክብሯን ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ባለሥልጣንን ከተራ ሠራተኛ ጋር ማን ይደባልቃል?

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ልደት ተጠርቼ ነበር። ኬኩ ተቆረሰ፣ ቤተሰቡ ለፎቶ ተሰለፈ። "ናኒ፣ ነይ እንጂ!" ብለው ጠሯት። ደስ አለኝ፤ እውነትም ቤተሰብ ናት አልኩ። መጣች። ስልኩን ሰጧት።

አነሳች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ሁሉም ፈገግ ብሏል። ልጁ ግን እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ ያለቅሳል። እናቱ ተናደደች።

"ናኒ! ወደ ስልኩ እንዲያይ አድርጊው እንጂ!"