ጥቅስ ከመደርደር በፊት

ከኢአማኒ፣ ማለትም በፈጣሪ ከማያምን ሰው ጋር ስለ መከራከር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ኢአማኒን በቅዱስ መጽሐፍ ጥቅስ መርታት ይቻላል ይላል። መጽሐፉን የማይቀበል ሰው በመጽሐፉ አይረታም። ይልቅ አስቀድማችሁ አቋሙን ጠይቁት። «ፈጣሪ የለም» ካለ የማስረዳት ሸክሙ የእሱም ነው፤ «አሳማኝ ማስረጃ ስላላገኘሁ አላምንም» ካለ ግን ሸክሙ እናንተ ላይ ያርፋል።

በብዛት የሚበላሸው የምክንያት ሙግት፣ ማለትም ዓለም ምክንያት ስላለው ፈጣሪ አለ የሚለው ነው። «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ብሎ የጀመረ ሰው «ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» ሲባል መውጫ የለውም። ሙስሊሙ ሊቅ አል-ጋዛሊ (እ.ኤ.አ. 1058–1111) ግን ያስቀመጠው በሌላ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ዓለም መጀመሪያ አለው፤ ስለዚህ ምክንያት አለው። ብርቱ ተከራካሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ሁለተኛውን፣ «ዓለም መጀመሪያ አለው» የሚለውን ነው። እዚያ ላይ «ቢግ ባንግ» (ዓለም እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ እየሰፋ መጣ የሚለው የሳይንስ ሐሳብ) ብሎ ለመዝጋት አትቸኩሉ። የሐሳቡ ጠንሳሽ ቤልጅየማዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር ራሱ ሳይንሱ የእምነት ማረጋገጫ እንዲሆን አልፈለገም።

የዝግመተ ለውጥ ሳይንቲስቱ ዳርዊን በሞት አልጋው ላይ ንስሐ ገባ፣ ተማሪው አንስታይን ኢአማኒ ፕሮፌሰሩን በክርክር አሳፈረ የሚሉትን ታሪኮችማ እባካችሁ ተዉ። ሁለቱም ፈጠራ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የዳርዊን ልጆች ራሳቸው አስተባብለዋል። ተከራካሪው ይህን በደቂቃ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ እውነት ብትናገሩም የሚያምናችሁ የለም።

«ደግ ፈጣሪ ካለ ሥቃይ ለምን አለ?» ሲባል «ነፃ ፈቃድ» (ሰው ክፉውንም ደጉንም ራሱ ይመርጣል) የሚለው መልስ ለጦርነትና ለግፍ ይሠራል። ለመሬት መንቀጥቀጥና ለሕፃን ካንሰር ግን አይበቃም፤ ለዚህኛው ሌላ መልስ ሳትይዙ ጉዳዩን ራሳችሁ አታንሱት።