ደረታችን የማን ሱቅ ነው?

ወገኖቼ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስባችሁ ፎርሙላ ዋን የተባለውን የመኪና ውድድር የምትመለከቱ፣ የመነሻው ቀይ መብራት ጠፍቶ መኪኖቹ ሲወነጨፉ ከወንበራችሁ የምትነሡ ሁሉ፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት ከእናንተ ጋር ተቀምጬ ያየሁ ሰው ነኝና እንደ ባዕድ አትስሙኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ውድድሩን ወደምናይበት ቡና ቤት አንድ ጎልማሳ የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። አባትየው ቀይ ጃኬት ለብሷል፤ ደረቱና ሁለቱ ክንዶቹ ላይ የሲጋራ ስም በነጭ ክር ተጠልፏል። ልጁም ያንኑ ስም የያዘ ቆብ አድርጓል። አጠገቤ ሲቀመጥ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ኧረ ጋሼ፣ በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም። አባቴን የቀበርኩት በእሱ ምክንያት ነው» አለኝ። «ታዲያ ስሙን ለምን ለበስከው?» አልኩት። ጎንበስ ብሎ የገዛ ደረቱን አዲስ ነገር እንደሚያይ ሰው ተመለከተና «ይህ እኮ የፌራሪ ቡድን ጃኬት ነው» አለኝ።

ይህን ሰው ልወቅሰው አልቻልኩም። ክፉ አባት አይደለም፤ ልጁን በፍቅር ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያሳድግ ሰው ነው። ነገር ግን አባቱን የገደለበትን ዕቃ ስም በልጁ ራስ ላይ አስሮ መጥቷል፤ ያሰረውን ደግሞ አያየውም። ወገኖቼ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተከፈለው ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለዚህች ዓይነ ስውርነት ነበር። ዓላማው የሲጋራ ስም ሲነበብ ሲጋራ ሳይሆን ፍጥነት፣ ድፍረትና ድል ትዝ እንዲለን ማድረግ ነበር፤ ተሳክቷል።

በየጎዳናው ማስቲካና ሶፍት፣ ሲጋራም በፍሬ ደርድረው የሚዞሩትን ልጆች ሱቅ በደረቴ እንላቸዋለን። እነርሱ የዕለት እንጀራቸውን ያገኙበታል። እኛ ግን የማያውቀንን ባለጠጋ ሱቅ በደረታችን አንጠልጥለን ያለ ደመወዝ እንዞርለታለን፤ ለመዞሪያው ደግሞ ከኪሳችን አውጥተን እንከፍላለን።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ የማታውቁ ወጣቶች ስሙ። ድሮ የውድድር መኪና የሚቀባው የሀገሩን ቀለም ነበር፤ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጣሊያን ቀይ፣ ጀርመን በፊት ነጭ በኋላ ብርማ። መኪናው ሲያልፍ ሰው የሚያየው ሀገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የብሪታንያ መንግሥት የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን አገደ። ከዚያ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1968፣ የሎተስ ቡድን መሥራች ኮሊን ቻፕማን የእንግሊዝን አረንጓዴ ፍቆ መኪናውን የጎልድ ሊፍ ሲጋራ ፓኮ አስመሰለው። በ1972 ደግሞ ያው ቡድን በጆን ፕሌየር ስፔሻል ጥቁርና ወርቃማ ቀለም ብቅ አለ፤ በዚያው ዓመትም ነጂው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት። ብዙዎቻችሁ ከታዩት ሁሉ ውብ መኪና እሷ ናት ትላላችሁ። ውብ ናት፤ ውበቷ የሲጋራ ፓኮ ውበት ነው።

የብልሃቱን ረቂቅነት አስተውሉ። ሕጉ የከለከለው ቴሌቪዥን ለሲጋራ ነጋዴ ደቂቃ እንዳይሸጥ ነው። የውድድር መኪና ግን ስፖርት ነው፣ ዜና ነው፤ ካሜራው ሳይከፈለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይከተለዋል። አሜሪካም በ1971 መጀመሪያ የሲጋራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ስታወጣ፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካኖቹ የመኪና ውድድር፣ የናስካር፣ ታላቁ ሻምፒዮና ዊንስተን ካፕ የሚል ስም ያዘና እስከ 2003 በሲጋራ ስም ተጠራ። አላን ብለም የተባለ ሐኪም በ1989 በዚያው ሀገር በማርልቦሮ ስም የተካሄደ አንድ ውድድር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ሥርጭቱ 94 ደቂቃ ነው። የሲጋራው ስም ወይም ምልክት 5,933 ጊዜ ታየ ወይም ተጠራ። እስኪ አስሉት፤ በ94 ደቂቃ ውስጥ ያለው ሰከንድ 5,640 ነው። ከሰከንዱ ቁጥር ይበልጣል። ይህም የሆነው የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ከታገደ 18 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ብራዚላዊውን ነጂ አይርተን ሴናን የማይወድ ማን አለ? በ1985 ፖርቹጋል ላይ በዚያ ዶፍ ዝናብ ያገኘውን የመጀመሪያ ድሉን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞቃል። የነዳት መኪና ጥቁርና ወርቃማ ነበረች። በ1987 የካሜልን ቢጫ ነዳ። ከ1988 እስከ 1993 የማርልቦሮ ቀይና ነጭ ውስጥ ነበር፤ ሦስቱንም የዓለም ሻምፒዮንነት ያገኘው በዚያ ነው። በ1994 ኢሞላ ላይ ሲሞት የተቀመጠበት መኪና የሮትማንስን ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ነበር። አርባ አንድ ጊዜ አሸንፏል፤ አርባ አንዱንም ጊዜ የሲጋራ ቀለም እየነዳ ነው። እኛ በዕንባ የምናስታውሰውን ሰው ምስል ከእነርሱ ፓኮ ለይተን ማሰብ አንችልም። ሐዘናችንን ሳይቀር ገዝተውታል! ሌላው ታላቅ ነጂ ሹማኸርም እንደዚሁ ነው፤ ከሰባቱ የሻምፒዮንነት ዓመታት ሁለቱ በማይልድ ሰቨን ሲጋራ፣ አምስቱ በማርልቦሮ ቀለም አለፉ። አሎንሶም በ2005 እና በ2006 በሬኖ ሻምፒዮን ሲሆን የለበሰው ማይልድ ሰቨንን ነው። ይህን የመጨረሻውን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ሀገራችን ስመለስ እፈልገዋለሁ።

«ስም አይቶ ሲጋራ የሚጀምር ሰው የለም» የምትሉኝ አላችሁ። በእንግሊዝ ሀገር በ12 እና በ13 ዓመት ልጆች ላይ ተደርጎ በ1997 የታተመ ጥናት፣ የመኪና ውድድር ከሚወዱት ወንዶች ልጆች መካከል ኋላ የዘወትር አጫሽ የሆኑት ወደ 13 በመቶ ሲጠጉ ከማይወዱት መካከል 7 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አግኝቷል። ነጋዴው ይህን ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል፤ ባያውቅ ገንዘቡን በየዓመቱ በአስፋልት ላይ አይበትንም ነበር።

በዚያው በ1997 የብሪታንያ አዲስ መንግሥት የትምባሆን ስፖንሰርነት ከስፖርት አጠፋለሁ ብሎ ተነሥቶ፣ ወዲያው ፎርሙላ ዋን ከእገዳው ውጭ ይሁንልኝ አለ። የውድድሩ አለቃ በርኒ ኤክልስተን ከምርጫው በፊት ለገዢው ፓርቲ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥተው እንደ ነበር ታወቀ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ልገሳውና ውሳኔው አይገናኙም ቢሉም ስለ ጉዳዩ አያያዝ በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠየቁ።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ2005 በሩን ሲዘጋው ነጋዴው በመስኮት ገባ። ከፌራሪ መኪና ላይ ማርልቦሮ የሚለው ቃል በተነሣበት ቦታ ቋሚ መስመሮች፣ ባርኮድ የሚመስሉ፣ ተሳሉ። ሐኪሞች መኪናው ሲፈጥን መስመሮቹ የሲጋራውን ፓኮ ይመስላሉ ብለው ጮኹ፤ ቡድኑ ከሲጋራ ጋር አይገናኝም ብሎ ተከራከረ፤ በ2010 ግን አነሣው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ክርክሩ አይደለም። አንድም ፊደል ሳይጻፍ ሁላችንም ስሙን ማንበባችን ነው። በ2018 ደግሞ የማርልቦሮ ባለቤት ፊሊፕ ሞሪስ በዚያው ቀይ መኪና ላይ ሚሽን ዊኖው የሚል አዲስ ስም ይዞ መጣ። ዊኖው ማለት እህል ማዝራት ነው፤ ገበሬ በአውድማ ላይ ነፋስ ጠብቆ በላይዳ ገለባውን ከፍሬው የሚለይበት ሥራ። የአባቶቻችንን ንጹሕ የአውድማ ቃል ለትምባሆ ነጋዴ መደበቂያ ሲደረግ ማየት ያማል። በ2019 ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ የተባለው የትምባሆ ኩባንያ ከማክላረን ቡድን ጋር ተዋዋለ፤ በዚያ መኪና ላይ ያያችሁት ቬሎ የሚለው ስም ከከንፈር ሥር የሚያዝ የኒኮቲን ከረጢት ነው። ልጆቻችሁ ስሙን ያውቁታል። ጠይቋቸው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ማይልድ ሰቨን የሚለውን ስም ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የዚያ ሲጋራ ባለቤት የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ነው። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅታችንን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ደግሞ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። በአሎንሶ መኪና ላይ ያጨበጨብንለት ነጋዴ ዛሬ ከተራሮቻችን በቀር በሌላ ዓለም በማይገኝ እንስሳ ስም የሚጠራውን የኒያላ ሲጋራ ፋብሪካ ይዟል። ሕግ ጣሰ አላልኩም፤ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛው። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ኩባንያው ድርሻውን መግዛት በጀመረበት በ2016 በተደረገ ሀገራዊ ጥናት ከአዋቂዎቻችን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ለማይገዛው ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምን አይቶ ነው? እኔ እንደሚገባኝ ያየው ዛሬ የሚያጨሰውን አይደለም፤ ቆብ አድርጎ አባቱ ጭን ላይ የተቀመጠውን ነው።

ሕጋችን ደካማ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆን ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥ አዝዟል፤ የፓኮው አብዛኛው ገጽ በማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፈን አድርጓል። ነጋዴው ዛሬ በመስቀል አደባባይ ሰሌዳ መስቀል አይችልም። እናንተ ግን ስሙን በጀርባችሁ ይዛችሁ በዚያው አደባባይ ታልፋላችሁ፤ ማንም አያስቆማችሁም። አዋጁ ያወረደውን ሰሌዳ በገዛ ትከሻችሁ መልሳችሁ ታቆማላችሁ!

የሚኒባስና የባጃጅ ባለቤቶች፣ በኋላ መስታወታችሁ ላይ የለጠፋችሁት ያ ቀይና ነጭ ስም ተማሪዎች ጠዋትና ማታ ከኋላችሁ ተሰልፈው የሚያነቡት ነው፤ ፋቁት። ልባሽ ጨርቅ የምትነግዱ፣ ከቦንዳው ውስጥ የምታወጡትን የሕፃን ቆብ ከመስቀላችሁ በፊት አንብቡት። በዱባይ፣ በአቡዳቢ፣ በባሕሬንና በኳታር የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ ውድድሩ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል፤ ላባችሁን አፍስሳችሁ ባገኛችሁት ገንዘብ ለእኅታችሁ ልጅ ሻንጣ ስትሞሉ የድሮ ጃኬት የመሰለውን ሁሉ አትክተቱ። የቀድሞ መኪኖችን ፎቶ በየማኅበራዊ ገጹ «ያ ዘመን ይመለስ» እያላችሁ የምታጋሩ ወጣቶች፣ የትኛው ዘመን? ከዚያ ዘመን የናፈቃችሁት የሞተሩ ድምፅ ከሆነ እኔም ናፍቆኛል። ትምባሆ ግን ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ለእርሱ ያ ዘመን አላለፈም።

ያለ ሲጋራ ገንዘብ ውድድሩ ይሞታል ሲሉን ኖረዋል። ማርልቦሮ የሚለው ቃል ከመኪናው ከወረደ ስንት ዓመት ሆነው? እኛ ዛሬም እሑድ እሑድ እየተሰበሰብን ነው፤ ተመልካቹ በዝቷል፣ ቡድኖቹም ከብረዋል።

በዚያ ቀን ውድድሩ አልቆ ስንወጣ ጎልማሳው እጄን ያዘኝ። «ልጄ ቆቡን አላወልቅም ቢለኝስ፣ ጋሼ?» አለኝ። ቀለሙን አትቀማው አልኩት፤ ቀዩ የሲጋራው አይደለም፣ የጣሊያን ነው፤ ሲጋራው ሳይመጣ በፊት የነበረ ነው፤ ይህንን ንገረው።

በቀጣዩ እሑድ ተመልሰው መጡ። ልጁ ቆብ አላደረገም። የአባትየው ጃኬት ያው ቀይ ነው፤ በደረቱ ላይ የነበረውን ነጭ ክር ግን አንድ በአንድ ተርትሮ አውጥቶታል። ጨርቁ በፀሐይና በእጥበት ወይቧል፤ ክሩ የሸፈነው ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ደማቅ ቀይ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ደማቅ ቀይ ላይ ጣቱን እያስኬደ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያነብ ነበር።