ከጥጉ ላይ የተጻፈ ስም

ልጄ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወለድ ሁለት ልብስ ተበረከተላት። አንዱን ጎረቤታችን፣ ሰማንያን የዘለሉ አሜሪካዊት እናት፣ በእጃቸው ሰፍተው አመጡላት። ሌላው እናቴ ከደብረ ማርቆስ በሰው የላከችው ጋቢ ነው።

የጎረቤታችን ስጦታ ኩዊልት ይባላል። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ይሰፋል፣ መሀሉ ስስ ባዘቶ ይገባበታል፣ ከሥር ገበር ይደረግለትና ሦስቱም በመርፌ ይያያዛሉ። ንድፉ ሎግ ካቢን ነው፤ የግንድ ጎጆ ማለታቸው ነው። ከመካከል ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን አለች። ቀጫጭን ጨርቆች እሷን እየከበቡ እንደ ጎጆ ግንድ ይደራረባሉ፤ ግማሹ ወገን ፈካ ያለ፣ ግማሹ ጠቆር ያለ። ቀይዋ የቤቱ ምድጃ ናት ይላሉ። ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሰፈሩ አራስ ሁሉ የሰፉት ይህንኑ ነው። ሌላ ንድፍ ሞክረው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እናቴ ለእኔ የሰፋችልኝ ይሄን ነው፤ እጄ ሌላ አይወድም» አሉኝ።

ገልብጠው ጥጉን አሳዩኝ። በትንሽ ነጭ ጨርቅ ላይ በክር ተጽፏል፦ ስማቸው፣ የልጄ ስም፣ ዓመቱ። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።

የእናቴን ጋቢ ከጎኑ ዘረጋሁት። ጥጡን ፍሬውን ለይታ የዳመጠችው፣ በደጋን የነደፈችው፣ በእንዝርት የፈተለችው እሷ ናት። ማታ ማታ፣ ከሥራ ሁሉ በኋላ፣ እንዝርቷ ሲሾር ልጅ ሆኜ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ልቃቂቱ ሲሞላ ለሸማኔ ይሰጣል፤ አራት ድርብ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፈታይዋን ማን ያነሳታል? ጋቢው ያልቃል፣ ይሳሳል፣ ተቀዶ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ በመጨረሻም የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እኔ ራሴ የተጠቀለልኩበት ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ጨርቅን እስኪያልቅ መጠቀም ግን የእኛ ብቻ አይደለም። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለ፤ ሴቶቹ ኩዊልታቸውን ካረጀ የእርሻ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል እናት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ኩዊልት ሠራችበት። የዚያ መንደር ሥራ በ2002 ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ለእይታ ቀረበ፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ድህነት ያሰፋው ጨርቅ ነበር፤ የሠሪዋ ስም ግን አብሮት አለ። እኔን ያስቀናኝ ይሄ ነው።

እኛ ዘንድ የጠፋው የፈታይዋ ስም ብቻ አይደለም። የሸማኔው ስምማ በስድብ ተሸፍኖ ኖረ፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ የሠራውን ሰው ግን ናቅነው። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ሐኪሞቹ ሕፃን ዓመት ሳይሞላት ተኝታ ሳለ ብርድ ልብስ አይደረግላት ስላሉኝ ኩዊልቱን ወለሉ ላይ አነጥፍላታለሁ፤ ጋቢውን እኔ ደርቤ በላዩ አቅፌ አጠባታለሁ። ቀይዋን ምድጃ በጣቷ መንካት ጀምራለች።

ባለፈው ቅዳሜ መርፌና ክር ይዤ በጋቢው ጥግ የእናቴን ስም ጻፍኩ። ከሥሩም «ፈተለችው» ብዬ ጨመርኩ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ደወለች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«ሸማኔውንስ?» አለችኝ።

«ስሙ ማነው እማ?»

«እኔም ጠይቄው አላውቅ። ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ቦታ ተዪለት።»

ቦታውን ትቻለሁ።