ጓሳ የተረፈው ሰው ስላልነካው አይደለም

«የመንዝ ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው የሰው እጅ ስላልነካው ነው፤ አሁንም ገበሬውን አስወጥቶ ማጠር ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለ የደጋ ሣር ምድር ነው፤ የመንዝ ገበሬም ሣሩን ለዘመናት አጭዶታል። ቤቱን ከድኖበታል፣ ገመድ ገምዶበታል፣ ለዝናብ የሚለብሰውን ጌሳ ሠርቶበታል።

ግን የሚያጭደው በሥርዓት ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሁለቱ የአካባቢው አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ቦታውን ይዘጉት ነበር፤ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት። ሣሩ ሲደርስ ተማክረው በበጋ ይከፍቱታል። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፣ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይከፈት የገባ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የኖሩት በዚሁ መሀል ነው።

ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። የርስት መሠረቱ ሲናድ ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ ጉዳቱም ያኔ በረታ። የድሮው ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ከሁለቱ አባቶች ዘር ላልሆነ ሰው ድርሻ አይሰጥም ነበር። በኋላ ኅብረተሰቡ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው። አንተ ይውጣ የምትለው ገበሬ ዋናው ጠባቂ ነው።